60 ልጅ፣ 40 ደቂቃ፦ በእንግሊዝኛ ንባብ ክፍል የሚያዋጡ የመተዋወቂያ ጨዋታዎች

መስከረም ላይ በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በየካ አባዶ ወይም በጀሞ በኩል ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ የ9ኛ ክፍል ሴክሽን ሲሞላ፣ ልጆቹ አብዛኛውን ጊዜ አይተዋወቁም። አንዳንዱ ቤተሰቡ ኮንዶሚኒየም ደርሶት ከመሀል ከተማ የወጣ ነው። ሌላው እዚያው ተወልዶ ያደገ፣ አንደኛ ደረጃን በአፋን ኦሮሞ የተማረ ነው። ሰሞኑን ከክፍለ ሀገር የመጣም አይጠፋም። የእንግሊዝኛ መምህር ታዲያ የለመደውን ያደርጋል፤ ከፊት ዴስክ ጀምሮ አንድ በአንድ እያስነሳ «ማይ ኔም ኢዝ…» ያስብላል። ሒሳቡን እንየው። 60 ተማሪ እያንዳንዱ 40 ሰከንድ ቢወስድ ድፍን 40 ደቂቃ ነው። ስም ጥሪው ሳይቆጠር ፔሬዱ አለቀ። ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላ ነው፦ ጎበዙ በመጀመሪያው ቀን ጎበዝነቱን አሳይቶ ይቀመጣል፣ ተንተባትቦ የተሳቀበት ልጅ ደግሞ እስከ ሰኔ አፉን አይከፍትም። በዚህ ሁሉ መሀል አንድም ሰው አንድ መስመር አላነበበም።

ንባብ በሚበዛበት ክፍል ልጆቹን የሚያስጨንቃቸው አለመተዋወቃቸው ብቻ አይደለም። ወረቀቱ ራሱ ያስፈራቸዋል፤ ሲያነቡ መሰማት ደግሞ የበለጠ ያስፈራቸዋል። በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህም ሁለተኛ ደረጃ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ባዮሎጂውም ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ይመጣባቸዋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ነገር አጥብቀን እንይዛለን። አንደኛ፣ ማንም ብቻውን ቆሞ ጮክ ብሎ አያነብም። ሁለተኛ፣ የምንመርጠው ጨዋታ ሳይነበብ የማይሠራ መሆን አለበት። ወረቀቱን ሳያዩ በወሬ ብቻ መጨረስ የሚቻል ከሆነ ጥሩ ጨዋታ ሊሆን ይችላል፤ ቦታው ግን የንግግር ክፍል ነው።

ጽሑፉ ምን ያህል ቀላል ይሁን? ብዙ መምህር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የ9ኛ ክፍል መጽሐፍ ላይ ያለውን አንቀጽ ቆርጦ ያመጣል። የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪዎቹ ሁ እና ፖል ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት፣ አንባቢ ያለ ረዳት እንዲገባው በጽሑፉ ካሉት ቃላት 98 በመቶ ያህሉን ማወቅ አለበት ብለዋል። ወደ እኛ ክፍል ሲመጣ በ50 ቃል ጽሑፍ ውስጥ አንድ አዲስ ቃል ማለት ነው። ለመተዋወቂያ እንዲያውም ዜሮ ቢሆን ይሻላል፤ የ5ኛ እና የ6ኛ ክፍል ቃላት ተጠቀሙ። ቋንቋው ቀላል ሆኖ ጉዳዩ የእድሜያቸው መሆን አለበት። የ15 ዓመት ልጅ ስለ ድመትና ኳስ አንብብ ቢባል ይናደዳል።

ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሠራው የተቆረጠ ዓረፍተ ነገር ነው። ዓረፍተ ነገሩ ለሁለት ይቆረጣል፤ አንዱ ልጅ መጀመሪያውን፣ ሌላው መጨረሻውን ይይዛል፤ ከዚያ ይፈላለጋሉ። በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነው። 60 ልጅ በየዴስኩ ሦስት ሦስት ሆኖ በተጣበበበት ክፍል ውስጥ በአንድ ጊዜ ሲነሳ ግን አቧራና ግፊያ ነው የሚተርፈው። መፍትሔው በረድፍ መክፈል ነው። አራት ረድፍ፣ በየረድፉ አምስት ዴስክ፣ በየዴስኩ ሦስት ልጅ ካለ አንድ ረድፍ 15 ልጅ ይይዛል። 1ኛና 2ኛ ረድፍ አንድ ቡድን፣ 3ኛና 4ኛ ሌላ ቡድን ይሁኑ። ስለዚህ 30 ዓረፍተ ነገር መፍጠር አያስፈልግም፤ 15 ጽፋችሁ ሁለት ቅጂ ማድረግ ይበቃል። አንድ ኤፎር ወረቀት ሦስት ሦስት ሴንቲ ሜትር ቢሰመር 10 ዓረፍተ ነገር ይይዛል፤ በጠቅላላው ሦስት ወረቀት ማለት ነው። 1ኛና 3ኛ ረድፍ መጀመሪያውን ይይዙና ይነሳሉ፤ 2ኛና 4ኛ መጨረሻውን ይዘው ይቀመጣሉ። የሚነሱት ወረቀታቸውን ዴስክ ላይ ትተው ይሄዳሉ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ልጁ አንብቦ፣ ገብቶት፣ በቃሉ ይዞ እንዲነሳ የሚያስገድደው ይኸው ነው።

አቆራረጡ ላይ ተጠንቀቁ። በእጅ የተቀደደ ወይም የተዛነፈ ወረቀት ከሆነ ልጆቹ ቅርጹን እያስተያዩ ይገጣጥሙና ሳያነቡ ይጨርሳሉ። በማስመሪያ ቀጥ አድርጋችሁ፣ ሁሉንም አንድ ቦታ ላይ ቁረጡ፤ በአንድ ዓይነት እስክሪብቶም ይጻፍ። የተያያዘ የእጅ ጽሑፍ አትጠቀሙ፤ ፊደሉ ተነጣጥሎ ይታይ።

ዓረፍተ ነገሮቹ ከሰፈራቸው ቢሆኑ ይመረጣል። «አራተኛ ፎቅ ስለምንኖር / ውሃውን በጀሪካን ተሸክመን እንወጣለን»፤ «ሌሊት ጅብ ሲጮህ / ውሻዋ አልጋዋ ሥር ትገባለች»፤ «የታክሲ ሰልፉ ረጅም ከሆነ / ወንድሜ በእግሩ ይሄዳል»፤ እነዚህን በቀላል እንግሊዝኛ ጻፏቸው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያደገ ልጅ ስለ ጀሪካኑ ሲያነብ ሳይስቅ አያልፍም፤ ሳቁ ደግሞ እንደገባው ይነግራችኋል። እያንዳንዱ ጥንድ ሁለት ማገናኛ ያስፈልገዋል፤ አንድ የትርጉም፣ ለምሳሌ ውሃና ጀሪካን፤ አንድ የሰዋስው፣ ለምሳሌ ባለቤቱ ሴት ከሆነች በሁለተኛው ግማሽም የሴት ተውላጠ ስም። «በጣም ደስ ይለኛል» ዓይነት መጨረሻ ግን ከአሥሩም ጋር ይሄዳል፤ ሁለት ልጅ አንድ ጓደኛ ላይ ይጣላበታል።

የተለመደው ብልሽት አንዱ ደፋር ልጅ የራሱን ጮክ ብሎ ሲያነብና ሌላው ሁሉ በጆሮው ሲገጣጥም ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ከታደለ በኋላ ሁለት ደቂቃ ፍጹም ዝምታ ይሁን፤ ከዚያ በሹክሹክታ ብቻ። የተገናኙ ጥንዶች ዓረፍተ ነገሩን ደብተራቸው ላይ ሙሉውን ይጽፉና ስም ይለዋወጣሉ፤ «ይህ ነገር በአንቺ ቤት እውነት ነው?» ዓይነት አንድ ጥያቄም ይጠያየቃሉ። ጥያቄውን በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ቢያወሩት ምንም አይደለም፤ ያነበቡት በእንግሊዝኛ ነው፤ የእለቱ ሥራ ተሠርቷል። ለማደል ሦስት፣ ለዝምታው ሁለት፣ ለፍለጋው አምስት፣ ለማረም ሁለት፣ በድምሩ 12 ደቂቃ ይወስዳል። ከዚያ ካለፈ ክፍሉን መመለስ ይከብዳል። ጠዋት አንደኛ ፔሬድ ከሆነ በታክሲ ምክንያት የሚያረፍድ አይጠፋምና ሁለት ሙሉ ጥንድ በትርፍ ያዙ። ቁጥሩ ጎዶሎ ከሆነ አንዱን ግማሽ መምህሩ ራሱ ይይዛል፤ ቲቸርን ፈልጎ ያገኘ ልጅ ደስታው ልዩ ነው።

በእነዚያ 12 ደቂቃዎች የመምህሩ ትልቁ ሥራ መመልከት ነው። የስም ዝርዝሩን ይዛችሁ ዙሩ፤ ሦስት ነገር ሲታይ ከስሙ አጠገብ ትንሽ ነጥብ አድርጉ። ወረቀቱን ሳያይ ለጎረቤቱ የሚያቀብል፣ ጣቱ አንድ ቃል ሥር ቆሞ የቀረ፣ ሳያነብ መገልበጥ የሚጀምር። ይህ ነጥብ የናንተ ምስጢር ነው፤ «እነዚህ ልጆች ማንበብ አይችሉም» ብሎ ለክፍሉ መናገር የሳምንቱን ልፋት ሁሉ ያፈርሰዋል።

ነጥብ ያደረጋችሁባቸው ሁሉ ግን ችግራቸው አንድ አይደለም፤ በከተማው ዳርቻ ይህ በተለይ መታወቅ አለበት። በቁቤ፣ ማለትም አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ማንበብ የተማረ ልጅ ፊደሉን ከአማርኛ አንባቢው ይልቅ በፍጥነት ይለያል፤ የሚያሳስተው የድምፁ ዋጋ ነው። በቁቤ «ሲ» የምትባለው ፊደል ጭ ናት፣ «ኤክስ» ጥ ናት፣ «ኪው» ቅ ናት፣ «ፒ» እና «ኤች» ተያይዘው ጵ ይሆናሉ። ሁለት «ኢ» ተከታትለው ሲመጡ የረዘመ ኤ፣ ሁለት «ኦ» ደግሞ የረዘመ ኦ ናቸው። ስለዚህ ስልክ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል «ጶኔ»፣ ማየት የሚለውን «ሴ» ብሎ ያነበበ ልጅ አላዋቂ አይደለም፤ የሚያውቀውን ሕግ በትክክል ነው የሠራበት። በፊደላችን ያደገው ልጅ በበኩሉ የተጻፈ ሁሉ ይነበባል ብሎ ስለለመደ የማይነበቡት ፊደላት ያደናቅፉታል፤ የተደራረቡ ተነባቢዎች መካከል ወይም ፊት እ ይጨምራል፤ «ቢ» እና «ዲ» ይምታቱበታል። ለሁለቱም ወገን ስድስት ስድስት ቃል መርጣችሁ በትልቁ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ስቀሉ፤ በየቀኑ ሁለት ደቂቃ አብራችሁ አንብቡት። ከዚያ በላይ በመጀመሪያው ሳምንት አያስፈልግም።

የግድግዳ ንባብ ከሁሉ ይልቅ ክፍሉን የሚያነቃው ነው፤ ከሁሉ በላይ የሚበላሸውም እሱ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ አምስት ዓረፍተ ነገር ያለው፣ 50 ቃል ገደማ የሆነ አጭር ጽሑፍ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ከዴስኩ ሦስት ልጆች አንዱ አንባቢ፣ አንዱ ጸሐፊ፣ አንዱ አራሚ ይሆናል። አንባቢው ሄዶ ያነባል፣ በቃሉ ይዞ ይመለሳል፣ ለጸሐፊው ይነግራል። አራሚው የተጻፈውን እያነበበ የተጠራጠረው ቃል ሥር ያሰምርበታል፤ አንባቢው በሚቀጥለው ጉዞው እሱን አጣርቶ ይመጣል። አንድ ዓረፍተ ነገር ሲያልቅ ሦስቱም ቦታ ይቀያየራሉ። መቀያየሩን ከተዋችሁት ጎበዙ እስከ መጨረሻው አንባቢ ሆኖ ይቀራል፣ ደካማው ደግሞ አራሚ ተብሎ ቁጭ ይላል።

ለ20 ዴስክ አምስት ቅጂ ያስፈልጋል፤ አንድ ቅጂ ለአራት ዴስክ። በማርከር፣ ፊደሉ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ይኑረው፤ ዓይኑ የሚደክም ልጅ ካለ ሁለት ሴንቲ ሜትር አድርጉና አጠገቡ ለጥፉ። ለመራመድ የሚቸገር ተማሪ ካለም አንዱን ቅጂ በእጅ የሚደረስ ርቀት ላይ አድርጉት፤ «አንተ ጻፍ ብቻ» ብሎ ከንባቡ ማስወጣት አይገባም። ቦታው የጎንና የኋላ ግድግዳ ይሁን፤ በሩ አጠገብ ከሆነ የሚገባ የሚወጣው ያውካል። አቧራ የጠጣ ወይም ልስኑ የተቀረፈ ግድግዳ ፕላስተር አይዝም። በመስኮቶቹ መካከል ሲባጎ ወጥራችሁ በልብስ መቆንጠጫ ስቀሉት፤ ለሚቀጥለው ሴክሽን ለመንቀልም ይቀላል።

ምን ይበላሻል? አንባቢው ፊደል በፊደል ይሸከማል፤ «ቲ፣ ኤች፣ ኢ» እያለ ሲመላለስ ትርጉሙ ወደ ጭንቅላቱ አይገባም። ለዚህ አንድ ሕግ በቂ ነው፤ በአንድ ጉዞ ከሦስት ቃል በታች ይዞ መመለስ አይቻልም። ቀጥሎ ጩኸት ይመጣል፤ አንባቢው ከግድግዳው ሥር ሆኖ መጮህ ከጀመረ ዴስኩ አንድ ነጥብ ይቀነስበታል። እስክሪብቶ ይዞ መሄድ፣ መዳፍ ላይ መጻፍና በሞባይል ፎቶ ማንሳት ክልክል መሆኑን አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ካልተነገረ ፎቶ የሚያነሳ ሁልጊዜ አለ። ሽልማት ደግሞ ቀድሞ ለጨረሰ አትስጡ። ሁሉም በ20 ነጥብ ይጀምር፣ በስህተት አንድ አንድ ይቀነስ። ጽሑፉን ሆነ ብላችሁ መጨረሻ አልባ አድርጉትና እያንዳንዱ ዴስክ ስድስተኛውን ዓረፍተ ነገር ራሱ ይጻፍ። ሳይገባው የገለበጠ ዴስክ ስድስተኛው ላይ ይታወቃል። ይህን ጨዋታ በመጀመሪያው ቀን አንመክርም፤ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ፔሬድ ላይ፣ ልጆቹ የዴስክ ጓደኛቸውን ስም ካወቁ በኋላ ነው የሚያምረው። ክፍላችሁ ከጎረቤቱ የተለየው በቺፑድ ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ የጎረቤቱን መምህር አናግሩ።

ሁለት እውነት አንድ ውሸት የሚባለውን ብዙ ሰው በቃል ያጫውታል። ለንባብ ክፍል በሰሌዳ ይሁን። መምህሩ ስለ ራሱ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፤ ሦስቱም አንድ ዓይነት አጀማመር ይኑራቸው፣ ልዩነቱ መጨረሻ ላይ ይምጣ፤ አለበለዚያ የመጀመሪያውን ቃል አይተው ይገምታሉ። ዝም ብለው ያነባሉ፤ በምልክታችሁ ሁሉም በአንድ ጊዜ በጣት 1፣ 2 ወይም 3 ያሳያሉ፤ ቀድሞ ያሳየን አይቶ መቅዳት የለም። ከዚያ እያንዳንዱ በሩብ ሉክ የራሱን ይጽፍና ከኋላው ዴስክ ጋር ይለዋወጣል። ሦስተኛው ዙር ነው ዋናው፦ በእለቱ ሊነበብ ስላለው የመጽሐፍ ምንባብ ሦስት ዓረፍተ ነገር ትጽፋላችሁ፤ ውሸቱን ለማግኘት መጽሐፉን መክፈት አለባቸው። ጨዋታው የቱ ጋ አልቆ ትምህርቱ የቱ ጋ እንደጀመረ ሳያውቁት ያነባሉ። መጽሐፍ ለሁለት ለሦስት ለሚካፈል ክፍልም አያስቸግርም።

የማሸጊያ ንባብ ወጪ የለውም። በዋዜማው እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ ወይም ከሱቅ ደጃፍ እንግሊዝኛ ያለበት ባዶ ማሸጊያ እንዲያመጣ ንገሩ፤ የብስኩት፣ የሳሙና፣ የፓስታ፣ የታሸገ ውሃ። ብዙዎቹ ይረሱታልና እናንተ 20 ያህል አጠራቅሙ፤ ለአንድ ዴስክ አንድ ይበቃል። የመድኃኒትና የመጠጥ ማሸጊያ አይምጣ። ሰሌዳው ላይ አምስት ጥያቄ ጻፉ፦ ክብደቱ ወይም መጠኑ ስንት ነው፣ ከምን ተሠራ፣ የት ይቀመጥ ይላል፣ የት ተመረተ፣ መቼ ይበላሻል። አራት ደቂቃ ስጡና ማሸጊያውን ወደ ኋላው ዴስክ ያሳልፉ። አምስተኛው ጥያቄ ላይ ክርክር ይነሳል፤ በ2018 ዓ.ም. የተቀመጠ ልጅ 2026 የሚል ሲያነብ «ገና ስምንት ዓመት አለው» ይላል። የዘመን አቆጣጠሩን ማሳያ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። የሰዓት ነገርም እንዲሁ ነው፤ ሱቁ በሰባት ይከፈታል የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ካለ ከምሳ በኋላ የሚመስለው ልጅ ብዙ ነው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት መሆኑን የሚጠቁም ሌላ ፍንጭ ጽሑፉ ውስጥ አስቀምጡለት።

ከውጭ መመሪያዎች የሚቀዱ አንዳንድ ጨዋታዎች እኛ ጋ አይሠሩም። በልደት ቀን መሰለፍ አንዱ ነው፤ ልጆቹ ልደታቸውን በፈረንጅ ወር አያውቁም፤ ትምህርት ያቋረጠና እድሜው የገፋ ተማሪም እድሜውን ለክፍሉ መናገር አይፈልግም። ከስም ጋር በአንድ ፊደል የሚጀምር ቅጽል ማጋጠምም አይመከርም፤ የወጣለት ቅጽል ዓመቱን ሙሉ መጠሪያው ሆኖ ይቀራል። «ክረምቱን የት አሳለፋችሁ» የሚለው ጥያቄ አንዱን ስለ ሐዋሳ ሲያስወራው፣ ቀን ሥራ ሲሠራ የከረመውን አንገት ያስደፋዋል። «እንዲህ ያለ ሰው ፈልግ» በሚለው ጨዋታም ላፕቶፕ፣ መኪና፣ የአባት ሥራ አታስገቡ። በእግሩ የሚመጣ፣ ሁለት ታክሲ የሚይዝ፣ ዶሮ ወጥ መሥራት የሚችል ይሁን።

ዝናብ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ መምህርም አይሰማም፤ መስከረም መጀመሪያ ላይ ይህ የተለመደ ነው። ለዚያ ቀን የተጻፈ ጭውውት ይኑራችሁ። ሁለት ልጆች በአንድ ወረቀት ላይ እየተቀባበሉ በጽሑፍ ብቻ ያወራሉ፤ ሰሌዳው ላይ አራት መነሻ ጥያቄ ብቻ ታስቀምጣላችሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ድምፅ ይምጣ፤ ግን በአንድ ጊዜ አይሁን። መጀመሪያ መምህሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ያነባል፣ ክፍሉ ዓይኑን ወረቀቱ ላይ አድርጎ ይከተላል። ቀጥሎ ሦስቱ የዴስክ ልጆች በዝግታ አብረው ያነባሉ፤ 20 ዴስክ በአንድ ጊዜ ስለሚያነብ የማንም ስህተት ለብቻው አይሰማም። ከዚያ በጥንድ፣ ፈቃደኛ የሆኑት ብቻ። ነጥብ ያደረጋችሁባቸውን ልጆች በግድ አታስነሱ፤ አስቀድማችሁ ለብቻቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ስጧቸውና ቤት ተለማምደው ይምጡ።

አንድ መምህር አምስት ስድስት ሴክሽን ስለሚይዝ የወረቀቶቹም አያያዝ ይታሰብበት። ቁርጥራጮቹን በየረድፉ በፖስታ ክፈሏቸው፤ ሲመለስ የረድፉ ተጠሪ ቆጥሮ ያስረክብ። የ«ኤ» ሴክሽን ልጅ በእረፍት መልሱን ለ«ቢ» ስለሚነግር፣ ከ15ቱ ዓረፍተ ነገር የአምስቱን መጨረሻ ለሚቀጥለው ሴክሽን ቀይሩ። ካርቶን ላይ ከተለጠፉ ዓመቱን ይዘልቃሉ፤ ተራ የደብተር ወረቀት ከሆነ ግን ሦስተኛው ሴክሽን ላይ ይጨማደዳል።